የቪዲዮ ካሴቶችን ወደ ዲጂታል ሲለውጡ የፋይል መጠንን ማስተዳደር፦ ከቤንች ሸኮና ከሸካ አካባቢ ሁኔታ አንጻር

ዲቪዲና የእጅ ስልክ ካሜራ ከመስፋፋታቸው በፊት በሚዛን አማን፣ በቴፒና በዙሪያቸው ባሉ የቡና ከተሞች የተቀረጹ ሰርጎች፣ የለቅሶ ሥርዓቶች፣ ዓመት በዓላት፣ የስብሰባና የሥልጠና ውሎዎች በአብዛኛው የሰፈሩት በቪኤችኤስ ካሴት ላይ ነው። ካሴቶቹ ዛሬ የሚገኙት በፎቶ ቤቶች መደርደሪያ፣ በመሥሪያ ቤቶች ዕቃ ግምጃ ቤት፣ ከሸዋ ቤንች እስከ የኪ ወረዳ ባሉ መኖሪያ ቤቶችም ሣጥን ውስጥ ነው። አካባቢው በሀገሪቱ ከፍተኛ ዝናብ ከሚያገኙት አንዱ በመሆኑ እርጥበቱ ለሻጋታ ምቹ ነው፤ ማግኔታዊውን ዱቄት ከፕላስቲኩ ጋር የሚያያይዘው ማጣበቂያም እርጥበት በሳበ ቁጥር ይላላል። ማጫወቻውም ራሱ እየጠፋ ነው። የመጨረሻው የቪኤችኤስ ማጫወቻ አምራች የነበረው የጃፓኑ ፉናይ ኩባንያ ምርቱን ያቆመው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2016 ነው። ዩኔስኮ ከዓለም አቀፉ የድምፅና የምስል ቤተ መዛግብት ማኅበር (ኢያሳ) ጋር እ.ኤ.አ. በ2019 የማግኔት ቴፕ ማስጠንቀቂያ ፕሮጀክትን ሲጀምር መነሻው ይኸው የካሴትና የመሣሪያ እኩል መጥፋት ነበር።

ካሴትን ወደ ኮምፒዩተር ለማስገባት የሚነሣ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጋፈጠው ሻጋታውን ሳይሆን የፋይሉን ግዝፈት ነው። አንድ የሁለት ሰዓት ሰርግ ተራ ላፕቶፕ ሊሸከመው የማይችል ፋይል ሆኖ ይወጣል። የተለመደው መፍትሔ ቅጂው ገና ሲወሰድ ማሳነስ፣ ማለትም ምልክቱ ከማጫወቻው ሲወጣ ወዲያውኑ ለዲቪዲ ወይም ለስልክ በሚስማማ መጠን መጭመቅ ነው። ይህ መፍትሔ የዲስክን ችግር ያቃልላል፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን ቅጂው ራሱ ነው። ካሴቱ ምናልባት ዳግመኛ ላይጫወት ስለሚችል በዚያች ሰዓት የተጣለ መረጃ የሚመለስበት መንገድ የለም። መጠንን መቀነስ የሚቻልባቸው ሌሎች በርካታ ቦታዎች ሲኖሩ መቀነሻው የቅጂው ቅጽበት መሆኑ የሥራ ቅደም ተከተል ስሕተት ነው።

በሀገራችን ታሪክ ለዚህ አንድ ተመሳሳይ ጉዳይ አለ። የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ቤተ መጻሕፍት (ኢኤምኤምኤል) እ.ኤ.አ. በ1973 ሥራ ሲጀምር በሺህ የሚቆጠሩ ብራናዎችን በጥቁርና ነጭ ፊልም አንሥቷል። ለጽሑፉ ምርጫው በቂ ነበር፤ ያለ እርሱም ብዙ ይዘት ባልተረፈ ነበር። የሐረጉና የሥዕሉ ቀለም ግን በፊልሙ ላይ የለም፤ ፊልሙ ብቻ ለደረሰው ተመራማሪ ቀለሙ የለም ማለት ነው።

የመጠኑ ምንጭ

ኢትዮጵያ የተከተለችው የአናሎግ ቴሌቪዥን ደረጃ ፓል ነው። በፓል አንድ ሙሉ ምስል 625 መስመሮች ሲኖሩት ከእነዚህ 576ቱ የሚታየውን ምስል ይይዛሉ፤ በሰከንድም 25 ምስሎች ያልፋሉ። ወደ ዲጂታል ሲለወጥ እያንዳንዱ መስመር በ720 ነጥቦች ስለሚከፈል አንዱ ምስል 414,720 ፒክሰል ይሆናል። የብርሃኑ መረጃ ለእያንዳንዱ ፒክሰል፣ የቀለሙ መረጃ ደግሞ ለሁለት ፒክሰል አንድ ጊዜ ሲመዘገብ (በሙያው 4፡2፡2 የሚባለው አመዘጋገብ ነው) በ8 ቢት በሰከንድ 20.7 ሜጋ ባይት፣ በሰዓት ወደ 75 ጊጋ ባይት ይመጣል። በ10 ቢት፣ ቪ210 በሚባለው የተለመደ አቀማመጥ ሲከማች በሰከንድ 27.6 ሜጋ ባይት፣ በሰዓት 100 ጊጋ ባይት ገደማ ይደርሳል። በ48 ኪሎ ኸርዝና በ24 ቢት የሚመዘገብ ባለሁለት መስመር ድምፅ በዚህ ላይ የሚጨምረው በሰዓት 1 ጊጋ ባይት ያህል ብቻ ነው። የመጨረሻው አኃዝ ኋላ ላይ ስለሚያስፈልግ ልብ ሊባል ይገባል።

ለስሌት ያህል ብቻ አንድ ተቋም እያንዳንዳቸው ሁለት ሰዓት የሆኑ 300 ካሴቶች ቢረከብ 600 ሰዓት ይሆናሉ። ያለ ምንም እመቃ በ10 ቢት 60 ቴራ ባይት ይጠይቃሉ። ለዲቪዲ በሚሆነው ኤምፔግ-2 በሰከንድ 8 ሜጋ ቢት ከተጨመቁ 2.2 ቴራ፣ ለስልክ በሚሆነው ኤች.264 በሰከንድ 2 ሜጋ ቢት ከተጨመቁ ደግሞ ከግማሽ ቴራ ብዙም አያልፉም። ከ60 ወደ ግማሽ የሚወስደው ይህ ልዩነት የጭመቃን ፈተና በግልጽ ያሳያል፤ በተለይ በጀቱ ለአንድ ሁለት ሃርድ ዲስክ ብቻ ለበቃ ክፍል።

መቀነስ የሚቻልባቸው ቦታዎች

በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው ዋነኛ መንገድ ያለ ጉድለት ማመቅ ነው። በዚህ ዓይነቱ እመቃ ፋይሉ ሲፈታ እያንዳንዱ ፒክሰል እንደነበረው ይመለሳል፤ የሚቀረው የተደጋገመ መረጃ ብቻ ነው። ከእነዚህ ስልቶች በስፋት የሚሠራበት ኤፍኤፍቪ1 ሲሆን የተሠራው በነጻው የኤፍኤፍኤምፔግ ፕሮጀክት ውስጥ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 አርኤፍሲ 9043 በሚል የኢንተርኔት ምህንድስና ሰነድነት ዝርዝሩ በይፋ ታትሟል። የቪየናው የኦስትሪያ ሜዲያቴክ ለቪዲዮ ክምችቱ የመረጠው ይህንኑ ነው። የኢያሳ የቪዲዮ ጥበቃ መመሪያ፣ ቲሲ-06፣ ማትሮስካ በሚባለው ማቀፊያ ውስጥ የሚቀመጥ ኤፍኤፍቪ1ን ከሚቀበላቸው አማራጮች መካከል አንዱ አድርጎታል። ዋሽንግተን የሚገኘው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የተከተለው ጄፔግ 2000 ሌላው ነው፤ ለፍቃድም ሆነ ለመሣሪያ ክፍያ የማይጠየቅበት የመጀመሪያው ስለሆነ ለእኛ ዩኒቨርሲቲዎች እርሱ ይቀርባል። ከተራ ቪኤችኤስ የተወሰደ የ10 ቢት ቅጂ በኤፍኤፍቪ1 ሲታመቅ በሰዓት ከ40 እስከ 50፣ የ8 ቢቱ ከ25 እስከ 35 ጊጋ ባይት አካባቢ ይሆናል። ከላይ በምሳሌ የተወሰዱት 600 ሰዓታት በ8 ቢት ወደ 18 ቴራ ይወርዳሉ ማለት ነው።

መመሪያዎቹ የሚመክሩት 10 ቢት ነው፤ ለቤታካም ኤስፒና ለመሳሰሉት የጣቢያ ካሴቶች ምክሩ የሚያጠያይቅ አይደለም። ለቪኤችኤስ ግን ጉዳዩ መመርመር አለበት። የካሴቱ ምልክት ራሱ ጫጫታ የበዛበት በመሆኑ ተጨማሪዎቹ ሁለት ቢቶች በአብዛኛው የሚመዘግቡት ያንኑ ጫጫታ ነው። ከዚህም በላይ በገበያ የሚገኙት ርካሽ የዩኤስቢ መቅጃዎች የሚያወጡት 8 ቢት ብቻ ነው፤ ከእነርሱ የተገኘን ምልክት በ10 ቢት ማስቀመጥ ባዶ ኪስ እንደ መስፋት ነው። ዲስክ ሲያጥር ባለ 8 ቢት ጉድለት የለሽ ቅጂ፣ በ10 ቢት ተወስዶ በጉድለት ከተጨመቀ ቅጂ ይመረጣል።

በሌላ አቅጣጫ የሚታየው ልማድ ካሴትን ወደ «ፉል ኤችዲ» ማሳደግ ነው። የቪኤችኤስ ምስል በአግድም የሚለየው 240 መስመር ያህል ብቻ ሲሆን ቀለሙ ከዚያም በእጅጉ የሳሳ ነው። 1920 በ1080 የሆነ ምስል ከላይ ከተጠቀሰው የፓል ምስል በፒክሰል ቁጥር ልክ 5 እጥፍ ነው። ስለዚህ የሚያድገው ፋይሉ እንጂ በካሴቱ ላይ ያለው ዝርዝር አይደለም። ማሳደግ የሚያስፈልግ ከሆነ ለዕይታ በሚዘጋጀው ቅጂ ላይ፣ ከዓመታት በኋላም ቢሆን በተሻለ ሶፍትዌር ሊሠራ ይችላል።

በጎዶሎና በሙሉ ቁጥር መስመሮች እየተፈራረቀ የሚመጣው የፓል ምስል አያያዝም እንዲሁ ነው። በሰከንድ የሚያልፉት 25 ምስሎች በእውነቱ በተለያየ ቅጽበት የተነሡ 50 ግማሽ ምስሎች ናቸው። መቅጃው ገና ሲቀዳ እነዚህን አዋሕዶ ወይም ግማሹን ጥሎ 25 ለስላሳ ምስሎች ካደረጋቸው በጭፈራ ውስጥ ያለው የእግርና የትከሻ እንቅስቃሴ ግማሽ ጊዜው ጠፍቷል። ቅጂው ከነመፈራረቁ መቀመጥ አለበት።

ብዙም የማይታሰበው ነገር የመጠን ቅነሳ ከማጫወቻው ሄድ የሚጀምር መሆኑ ነው። ማንኛውም የእመቃ ስልት የሚጠላው ጫጫታን ነው፤ ጫጫታ አይደጋገምምና የሚታመቅ ነገር የለውም። የተጸዳ ሄድ፣ በትክክል የተስተካከለ የትራኪንግ ማስተካከያ፣ መሣሪያው ከፈቀደ የኤስ-ቪዲዮ መውጫና የመስመሮቹን መንቀጥቀጥ የሚያረጋጋ የጊዜ ማረሚያ መሣሪያ ምስሉን ያጠራሉ፤ የጠራ ምስል ደግሞ ምንም ሳይጣልበት በትንሽ ቦታ ይታመቃል። በተቃራኒው ምንም ያልተቀረጸበት የካሴት ክፍል የሚያሳየው «በረዶ» ከሁሉም ይዘት የከበደ ነው። የአርባ ደቂቃ ሰርግ በባለ ሦስት ሰዓት ካሴት ላይ ተቀርጾ ቀሪው ባዶ ቢሆን ዲስኩን የሚሞላው ሰርጉ ሳይሆን ባዶው ነው። ይህ ክፍል ሊቆረጥ ይገባል፤ ሆኖም አንድ ሰው እስከ መጨረሻው በፍጥነት አዟዙሮ ካየው በኋላ ብቻ። ካሴት ውድ በነበረበት ዘመን አንዱ ካሴት ደጋግሞ ይቀረጽበት ስለነበር ከሰርጉ ማብቂያ በኋላ የቀደመ ቀረጻ ጭራ ተርፎ መገኘቱ ያልተለመደ አይደለም።

የይዘት መረጣም የመጠን ውሳኔ ነው። ለገበያ የወጡ የፊልምና የዘፈን ካሴቶች ሌላ ቦታ የተሻለ ዋና ቅጂ ሊኖራቸው ስለሚችልና በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የቅጂ መብት ጥያቄ ስለሚያስነሡ በቅድሚያ ሊሠሩ አይገባም። የሚኒ ዲቪ ካሴቶች ደግሞ ከመነሻው ዲጂታል ናቸው፤ በፋየርዋየር ገመድ እንዳሉ ከተገለበጡ በሰዓት 13 ጊጋ ባይት ያህል ብቻ ይይዛሉ። እነርሱን በአናሎግ ገመድ አጫውቶ እንደገና መቅዳት ፋይሉን አሳድጎ ጥራቱን የሚቀንስ ሥራ ነው።

ድምፁና ቤንችኛ

በብዙ የቅጂ ሥራዎች ድምፅ የምስል ተከታይ ተደርጎ ይታያል። በዚህ አካባቢ ግን ቅደም ተከተሉ መገልበጥ ያለበት ይመስላል። ቤንችኛ አምስት እኩል የቃና እርከኖችና አንድ የሚወጣ ቃና ያለው ቋንቋ ነው። ክላውስ ቬዴኪንድ ባለ ስድስት ቃና ቋንቋ መሆኑን የተነተነበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1983 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ወጥቷል። በዓለም ቋንቋዎች ውስጥ አምስት እኩል እርከኖችን የሚለዩት እጅግ ጥቂት ናቸው። ከዚህም በተጨማሪ በተለይ ወንዶች የሚጠቀሙበት የፉጨት ንግግር አለ፤ በከንፈር ወይም ሁለት እጅን በማጋጠም ይፈጸማል፤ ከተራ ንግግር ይልቅ ሩቅ ይሰማል። ባለ አምስት አውታር ክራርም ይህንኑ ንግግር ሊያስተላልፍ ይችላል። በእንዲህ ያለ ቋንቋ የድምፁ ከፍታ የቃሉ ፍቺ አካል ስለሆነ አንድ የቆየ የሰርግ ካሴት፣ ካሜራ ያዡ ሳያስበው፣ ለሥነ ድምፅ ጥናት የሚሆን መረጃ ሊሆን ይችላል። ከካሜራው ፊት የሚመርቁት አዛውንት ዛሬ በሕይወት ላይኖሩ ይችላሉና።

የቪኤችኤስ ተራው የድምፅ መስመር ደካማ ነው። ቴፑ በሰከንድ የሚጓዘው 2.34 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ይህ የተራ ድምፅ ካሴት ፍጥነት ግማሽ ያህል ነው፤ የፍጥነቱ መዋዠቅም ድምፁን ያወዛውዘዋል። በዚህ በሳሳ ድምፅ ላይ ጉድለት ያለበት እመቃና ጫጫታ ማጥፊያ ማጣሪያ ሲጨመሩ የቃናውን ዱካ ለመለካት ያለው ዕድል ይበልጥ ይጠባል። የፉጨት ድምፅ በአብዛኛው ከ1 እስከ 4 ኪሎ ኸርዝ ባለው ክልል ስለሚገኝ በተጨመቀ ድምፅም ይሰማል። ችግሩ ከመሰማት ያለፈ ነው፤ ተመራማሪው የሚፈልገው ልኬት ነው። ያልታመቀ ድምፅ የሚወስደው በሰዓት 1 ጊጋ ባይት መሆኑ ከላይ ታይቷል፤ 45 ጊጋ ከሚሆን ፋይል ውስጥ ከ3 በመቶ በታች ነው። ስለዚህ ቦታ ለመቆጠብ ድምፅን መጭመቅ ምንም ሳያተርፉ መክሰር ነው። ካሜራው ሃይ-ፋይ የድምፅ መስመርንም የቀረጸ ከሆነ ሁለቱም ለየብቻ መወሰድ አለባቸው።

የፋይል መጠንና የቃና ጥናት የሚገናኙበት ሌላም ቦታ አለ። ዲስኩ የሚመጣውን መረጃ በፍጥነት መጻፍ ካልቻለ ሶፍትዌሩ ምስሎችን ይዘላል። ብዙዎቹ የመቅጃ ፕሮግራሞች ምስልና ድምፅ እንዳይለያዩ ሲሉ ድምፁን በትንሹ ይስባሉ ወይም ያሳጥራሉ። ተመልካቹ አንዳች አይሰማውም፤ የድምፁ ከፍታና ጊዜ ግን ተነክቷል። ይህ አማራጭ ከመነሻው መጥፋት፣ የተዘለሉ ምስሎች ቁጥርም በእያንዳንዱ ካሴት መዝገብ ላይ መስፈር ይኖርበታል።

ዲስክ፣ ገመድና መብራት

ምስል የሚዘለልበት የተለመደ ምክንያት ቀላል ነው። ዩኤስቢ 2 በወረቀት ላይ በሰከንድ 60 ሜጋ ባይት ያስተላልፋል፤ በተግባር ግን ከ40 እምብዛም አያልፍም። መቅጃው በሰከንድ 20.7 ሜጋ ባይት ሲያስገባ፣ ውጫዊው ዲስክም በዚያው መስመር ላይ ሆኖ ይህንኑ ሲቀበል መስመሩ ይጨናነቃል። ቅጂው በኮምፒዩተሩ ውስጣዊ ዲስክ ላይ ተወስዶ በኋላ ወደ ውጫዊው ቢዛወር ችግሩ ያለ ተጨማሪ ወጪ ይፈታል።

ሌላው እንቅፋት የዲስኩ አከፋፈል ነው። በፋት32 የተሰናዳ ፍላሽ ወይም ዲስክ ከ4.29 ጊጋ ባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። ያልታመቀ የ10 ቢት ቪዲዮ ይህን የሚሞላው ከ3 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ፣ በኤፍኤፍቪ1 የታመቀው ደግሞ ከ6 ደቂቃ በፊት ነው። ዲስኩን አስቀድሞ በኤንቲኤፍኤስ ወይም በኤክስፋት ማሰናዳት በቂ ነው።

የመብራት መቋረጥ ከዚህ የከበደ ነው። ካሴት የሚቀዳው በሚጫወትበት ፍጥነት ብቻ ስለሆነ የሁለት ሰዓት ካሴት ለሁለት ሰዓት ያልተቋረጠ ኃይል ይፈልጋል። ዩፒኤስ ማጫወቻውንም ኮምፒዩተሩንም መሸከም አለበት፤ ኮምፒዩተሩን ብቻ ማዳን ቴፑ በማጫወቻው ውስጥ እንደተወጠረ እንዲቆም ያደርጋል። የማቀፊያ ምርጫም እዚህ ላይ ይመጣል። ኤምፒ4 የይዘት ማውጫውን አብዛኛውን ጊዜ የሚጽፈው ቅጂው ሲያልቅ ስለሆነ መሐል ላይ መብራት ከጠፋ ፋይሉ አልከፈት ሊል ይችላል። ማትሮስካ እስከ ተቋረጠበት ድረስ ያለውን ይዘት አብዛኛውን ጊዜ ያተርፋል። ኤፍኤፍቪ1ም በሦስተኛው እትሙ እያንዳንዱን ምስል ቆራርጦ ለየቁራጩ የማረጋገጫ ቁጥር ስለሚያኖር የተበላሸው ክፍል የትኛው እንደሆነ ሊታወቅ ይችላል።

ማቆየትና ማድረስ

ከዋናው ቅጂ ለባለቤቶቹ የሚሰጥ ትንሽ ቅጂ ይዘጋጃል። ጭመቃ ያለ ስጋት የሚፈቀደው እዚህ ላይ ነው። በኤች.264 በሰከንድ 2 ሜጋ ቢት የተዘጋጀ የሁለት ሰዓት ሰርግ ከነድምፁ ከ2 ጊጋ ባይት በታች ስለሚሆን ቴሌግራም ለአንድ ፋይል በሚፈቅደው ልክ ያልፋል። ካሴቱን በእምነት ላስረከበ ቤተሰብ ይህን ቶሎ ማድረስ ለቀጣዩ ካሴት መገኘት ከየትኛውም ደብዳቤ የበለጠ ይረዳል።

ዋናው ፋይል ግን በኢንተርኔት የሚጓዝ አይደለም። አንድ የ45 ጊጋ ባይት ሰዓት በሰከንድ 5 ሜጋ ቢት በሚልክ መስመር ያለማቋረጥ 20 ሰዓት ይፈጃል። ከሚዛን አማን አዲስ አበባ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ቢሆንም በአውቶቡስ የተላከ ባለ 4 ቴራ ዲስክ በሁለት ቀን ቢደርስ እንኳ በሰከንድ ከ180 ሜጋ ቢት በላይ እንደ ማስተላለፍ ይቆጠራል። የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች በሁለት ከተሞች መሆናቸው ለዚህ ሥራ ዕድል ነው፤ አንዱ ቅጂ በሚዛን፣ ሁለተኛው በቴፒ፣ ሦስተኛው ከክልሉ ውጭ በጅማ ወይም በአዲስ አበባ ሊቀመጥ ይችላል። ክምችቱ ብዙ አሥር ቴራዎችን እስኪያልፍ ድረስ ውድ የቴፕ መጻፊያ መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም። ሃርድ ዲስኮቹ ግን በየጊዜው እየተሰኩ በማረጋገጫ ቁጥር መፈተሽ፣ በአምስት ዓመት ገደማም መተካት አለባቸው።

ዲስክ ሲሞላ በመጀመሪያ የሚሰረዘው ያልታመቀው ጊዜያዊ ፋይል ነው፤ ይህም የሚሆነው ከኤፍኤፍቪ1 ቅጂው ጋር ምስል በምስል በማረጋገጫ ቁጥር ተነጻጽሮ አንድ መሆኑ ከታወቀ በኋላ ነው። ቀጥሎ የሚሰረዙት የስልክ ቅጂዎች ናቸው፤ እነርሱን ከዋናው እንደገና ማውጣት ይቻላልና። ካሴቱ ግን ተቀድቷል ተብሎ አይጣልም። ሻጋታ ያለበት ከሌሎቹ ተለይቶ፣ ቀሪው በአንድ ወገን ተጠቅልሎ፣ ከወለል ከፍ ብሎ፣ በቁመቱ ቆሞ ይቀመጣል፤ በጀርባውም ከፋይሉ ስም ጋር አንድ የሆነ ቁጥር በእርሳስ ይጻፍበታል።